ያልተቀመጡት እንግዶች

ቆቦ፣ ነሐሴ መጨረሻ

ለልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይበቃሻል? የምትበይውስ ይስማማሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደመና ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚከሰኝ የለም። ዘንድሮ ማሳችንን የሚያጠጣው ጎርፍ ሳይሰስት መጥቷል፣ ማሽላው ከወገቤ አልፏል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ስሟን አንቺ ታወጪላታለሽ ብዬ እስካሁን "አንቺ" እያልኩ ነው የምጠራት። ጎረቤት ሁሉ ሰላም ብሎሻል። ሙሀመድሰይድ ደግሞ "ያቺን ሁለት ጊዜ ዶክተር ሰላም በልልኝ" ብሏል። የዚህን ቀልድ ነገር ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ሆኖ ነው ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። አብሽሪ፣ የሞተ የለም። በስልክ ስንነጋገር ግን አንቺ ቃሌን አትሰሚም፤ ድምፄን ነው የምትመረምሪው። ጉንፋን ይዞሃል? ምሳ አልበላህም? እያልሽ ትጠይቂያለሽ፤ እኔም ምርመራውን ለማለፍ ስታገል የልቤን ሳልናገር ይዘጋል። ወረቀት አያስልም። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ጽሕፈት ነውና ፊደሉን ታገሺኝ እንጂ ሐሳቡ የራሴ ነው፣ ማንም አላጻፈኝም።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነው። በስልክ ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ወሬ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሐኪምነቱንና ምርምሩን አንድ ላይ የሚያስተምር ፕሮግራም ከፍቷል፣ ከክፍላችን ጥቂት ልጆች ተመርጠናል አልሽኝ። ሕክምናውን መሐል ላይ አቁሞ ጥቂት ዓመት ምርምር ነው፣ ከዚያ ተመልሶ ሕክምናውን መጨረስ፣ በመጨረሻም በሁለቱም ዶክተር መባል። እኔ ገና "እንዴት ማለት ነው?" ስል አንቺ "ተወው አባ፣ እንዲሁ ነው" ብለሽ ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰድሽው።

እኔ ደግሞ ተወው የተባልኩትን ነገር ትቼ አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠረጠርኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፕሮግራሙን ነው። እስቲ አስቢው። ያስተምራሉ፣ ያበላሉ፣ ለኪስም ይሰጣሉ ብለሽኛል፤ በምትኩ ምንም አይጠይቁም። በዚህ አገር በነጻ የመጣ ነገር በሆዱ ምን እንደያዘ አይታወቅም። ፈረምሲሳን ታውቂው የለም ወይ? ያ ማሳችንን የወረረው፣ ከብት በልቶት ወተቱን የሚያመርረው አረም ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተደባልቆ መጣ ነው የሚባለው። ስንዴው በዓመቱ ተበልቶ አለቀ፤ ፈረምሲሳው ይኸው እስከዛሬ አለ። እኔም ያንቺ ፕሮግራም ስንዴው የቱ፣ አረሙ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሙሀመድሰይድን አማከርኩት። ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ የዓለሙን ነገር ሁሉ የሚፈታ ሰው አይደል። ነገሩን አስረዝሜ ስነግረው መርፌውን አቁሞ ሰማኝና፣ ሁለት ጊዜ ዶክተር የምትሆነው የመጀመሪያውን ወድቃ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። እንግዲያው አንድ ልብስ ሁለት ጊዜ የሚሰፋው የመጀመሪያው ሲጠብ ነው፣ ጠቧት ይሆናል አለኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ቃሉ እንደ ማሽላ ገለባ ልብሴ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ምኑ ነው የጠበባት? ቆቦ? ወይስ የእኔ ቤት?

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነበርና። ሕክምናውን ጨርሰሽ እዚሁ ተመድበሽ ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ በሆስፒታሉ በር ስትገቢ ላይሽ፣ አይቼም እንዳላየ ሆኜ ላልፍ ነበር። ሰው "ያቺ ልጅህ አይደለችም እንዴ?" ብሎ እንዲጠራኝና እኔም "ኧረ፣ እሷ ናት?" ብዬ እንድዞር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ፤ ሦስት ሰዎችም መጡ።

ጠዋት ነው። ከማሳ ተመልሼ እግሬን እየታጠብኩ ሳለ መስታወቱ የጠቆረ መኪና በር ላይ ቆመ። ሦስት ወንዶች ወረዱ። አንዱ ጠጉሩ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገ፤ አንዱ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ጢሙ እንደ ጥጥ የነጣ፤ ሦስተኛው ኮፍያ ያደረገ የዋጃ ሰው፣ ጤና ባለሙያ መሆኑን በመልክ የማውቀው። መርሃባ ብዬ አስገባኋቸው። ቁጭ በሉ ብል ሸበቶው ቆሜ ይሻለኛል አለ። እሱ ሲቆም ሌሎቹም ቆሙ። ወተትና ዳቦ አቀረብኩ፤ አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። ባለ ጢሙ አንገቱን ደፋ፤ የዋጃው ሰው ሆዱን ዳበስ አድርጎ ይቅርታ አለኝ።

ያን ጊዜ ጉዳያቸው የገባኝ መሰለኝ። አንቺ ከተማ ስለከረምሽ ላስታውስሽ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ የቤቱንም እህል አይቀምስም። ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ መምጣቱም የወሎ ደንብ ነው። እኔ ደግሞ ከባለ ጢሙ ዝምታ የተነሳ የሽማግሌዎቹ አለቃ እሱ መስሎኝ ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ ቆምኩ።

ሸበቶው ተናገረ። ፕሮፌሰር ይድነቃቸው እባላለሁ፣ ከዩኒቨርሲቲው ነኝ አለ። አንቺን ሲያነሳ ድምፁ ለሰለሰ። እንደ አንቺ ያለች ልጅ እንዳላጋጠመችው፣ ከእነሱ ጋር እንድትቀሪ እንደሚፈልጉ፣ ትምህርትሽን እንደማታቋርጪ ነገረኝ። ልጄ፣ በዚህ ዘመን ትምህርቷን አናቋርጣትም የማይል ሽማግሌ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አንዱም አላመለጠኝም ብዬ እያዳመጥኩ ነው። ለምርምሩ ጥቂት ዓመት ውጭ አገር ልትሄድ ትችላለች ሲል፣ አሃ፣ ሙሽራው ውጭ ነው ያለው አልኩ በልቤ።

በመጀመሪያው ቀን ደግሞ እሺ አይባልም። ቶሎ እሺ ያለ አባት ልጁ የከበደችው ነው ይባላል። ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ እንደ ወጉ መለስኩ። ልጅ የአባት ብቻ አይደለችም፣ ዘመድ አላት፣ ተማክረን እናያለን፣ ለመምጣታችሁ ግን አላህ ያክብራችሁ አልኳቸው። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እንረዳለን አለ። ወጡ። መኪናው ሲሄድ፣ በል እንግዲህ ስትመለሱ እንነጋገራለን አልኩ ለራሴ።

አልተመለሱም።

ሳምንቱ ሞላ፣ ሽማግሌ የለም። ይህ ደግሞ ከመምጣታቸው ይልቅ አስጠረጠረኝ። አንዴ ጠይቆ የሚቀር ሽማግሌ ወይ ነውር አግኝቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ሰላይ ነው። ዘራችንን አጣርተው ምን አገኙ? ወይስ ልጁ ራሱ አይረባም? ያ ጥቁር መስታወት ደግሞ ምን ይደብቃል? ስትደውይልኝ ድምፅሽን እኔም በተራዬ መረመርኩት። ፕሮፌሰር ይድነቃቸው የሚባል ሰው ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ብታውቂውም የምትዋሺኝ፣ ባታውቂውም የምትደነግጪ መሰለኝ።

ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት አማቹን ያጣራል። ስለዚህ በሚኒባስ ዋጃ ወረድኩ። ያ የዋጃ ሰው የት እንደሚሠራ ጠይቄ ደረስኩበት። ከጤና ኬላው አጠገብ ዛፍ ሥር ድንኳን ተክለዋል፤ ሰው ተሰልፏል፣ ያ ጥቁር መስታወት መኪናም ቆሟል። ያ የሽማግሌ አለቃ ያልኩት ባለ ጢም ታዲያ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ይፈታል። ሾፌሩ ነው!

ማን ነህ ከመባሌ በፊት ነገሩን ከውስጥ ልየው ብዬ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ጋቢዬን ተከናንቤ ተሰለፍኩ። ፀሐዩ በጋቢው ላይ ምን እንዳደረገኝ አትጠይቂኝ። ስደርስ እውነትም ትኩሳት ነበረብኝ። ጓንት ያደረገች ልጅ ጣቴን ወጋችኝ፤ ደሜን ትንሽ ፕላስቲክ ላይ፣ ከዚያም ወፍራም ወረቀት ላይ ጠብ አደረገችው። ወረቀቱን ሳይ ፈረምሲሳው ትዝ አለኝ። የራያ ሰው ደም ወረቀት ላይ ደርቆ የት ነው የሚሄደው? ልጠይቃት ስል እሷ ቀድማ ስሜን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ብዕሯ ቆመ። ስሜ ካንቺ ስም ቀጥሎ የሚጠራ መሆኑን፣ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ዘወትር ሲጠራኝ እንደሚውል ለካ ረስቼዋለሁ። ለመሰለል የሄደ ሰው ስሙን እንዲህ ይናገራል!

ልጅቷ ሔራን ትባላለች፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ከልጅዎ ቀድሜ ነው የገባሁት አለችኝ። ካንቺ ጋር አንድ ግቢ ናችሁ፣ ታውቂያታለሽ። ከሰልፉ አውጥታ ዛፉ ጥላ ሥር አስቀመጠችኝና ውኃ ሰጠችኝ። እኔም የመጣሁበትን ጠየቅኋት። ሙሽራው ማነው? ይጠጣል? ይሳደባል? ውጭ የወሰዳትንስ መልሶ ያመጣታል?

አልገባትም። ከገባት በኋላ ደግሞ ጓንቷን በአፏ ላይ ይዛ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፕሮፌሰሩ የቆመው ለካ በዋጃ መንገድ ወገቡ ተይዞ፣ ቢቀመጥ መነሳት ስለማይችል ነው። እሱና ሾፌሩ ወተቱን ያልነኩት ፍልሰታ ስለሆነ ነው። ዕድሜ ልኬን ከክርስቲያን ጋር ተጎራብቼ ኖሬ ይህ ይጠፋኛል? የዋጃው ሰው ደግሞ ወተት ሆዱን ይነፋዋል። እኔ ያየሁት ሽማግሌ ሁሉ ወገብ፣ ጾምና ሆድ ሆኖ ቀረ። ፕሮፌሰሩ በበኩሉ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ያለው ነገር ቢኖር አባትየው በጨዋ ቋንቋ አባረሩን ነው።

እኔም እየሳቅሁ ነበር፤ ወላሂ እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ ሔራን እንዲህ አለችኝ።

"እሱስ ቢሆን አባባ፣ የሄዱት ሊለምኑዎት ነው እንጂ መልሱን ያውቁት ነበር። እሷ ከግንቦት ጀምሮ 'አባቴ አይፈቅድም' ብላለች።"

ልጄ፣ በግንቦት ማን ጠየቀኝ?

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ውኃውን ጨረስኩ። የማደርገው ሳጣ ስለ ደሙ ጠየቅሁ። ሔራን ያቺን ትንሽ ፕላስቲክ አሳየችኝ። ሁለት መስመር ከወጣ ወባ አለ፣ አንድ ብቻ ከወጣ የለም። ግን ወባ እያለ ሁለተኛው መስመር የማይወጣበት ጊዜ አለ አለችኝ፤ ወባው መመርመሪያው የሚያውቀውን ምልክት ጥሎ ይመጣል። እነሱ ያን ዓይነቱ በዚህ ቆላ ምን ያህል እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚያዝ ነው የሚፈልጉት። የመረጥሽውም ጥያቄ ይኸው እንደሆነ ነገረችኝ። ከፕሮግራሙ የፈለግሽው ሁለተኛውን ዶክተርነት አልነበረም። ይህንን ጥያቄ ነበር የፈለግሽው።

እናትሽ በትኩሳት የወደቀችበት ቀን መጣብኝ። ያንን ፕላስቲክ አንቺ ነበርሽ የያዝሽው። አንድ መስመር። ወባ የለባትም ተባልን፤ እኛም ደስ ብሎን ወደ ቤት ይዘናት ተመለስን። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። እኔ ቀደር ነው አልኩ፤ ዛሬም ቀደር ነው እላለሁ፣ ከአላህ ጋር ክርክር የለኝም። አንቺ ግን ያን አንድ መስመር እስከዛሬ እያየሽው ኖረሻል። የእናትሽም ያ ይሆን ወይ ብዬ ሔራንን ጠየቅኋት። አላውቅም አለችኝ፤ አሁን ማወቅ አይቻልም አለችኝ። ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች አመንኳት።

ወደ ቆቦ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ አንቺን ጠረጠርኩ። ተናደድኩም። ባልተቀመጥኩበት ሸንጎ ፈርደሽ፣ ባልተናገርኩት ቃል አስረሽኛል። ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ሰው እኔን ልጁን የከለከለ ቆላ ገበሬ እያለ ሲያስበኝ ከርሟል ማለት ነው። ስደርስ ደውዬ ልቆጣሽ ነበር። ጎብዬ ለገበያ የሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ አግኝተውኝ እንዴት ዋልክ ሲሉኝ እንኳ በቁጣ ነው የመለስኩት።

ቁጣው ሲበርድ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። በግንቦት ብትጠይቂኝ ምን እል ነበር? ራሴን እንደ ሌላ ሰው አስቀምጬ ጠየቅሁት። እሺ እል ነበር የሚል መልስ አላገኘሁም። አንቺ ልቤን ሳልከፍተው አንብበሽዋል። ያ ደግሞ ከውሸቱ ይልቅ አሳመመኝ።

ያኔ ነው ሌላም ነገር የገባኝ። ሀስና፣ የሙሀመድሰይድ እህት፣ ሰሞኑን ወጥ ትልክልኛለች። መጀመሪያ የጉርብትና ነው አልኩ። አንድ ቀን ግን ጉልበትህ እንዴት አደረ አለችኝ። እኔ ደግሞ የጉልበቴን ነገር ካንቺ በቀር ለሰው አልተናገርኩም! ለካ ትደዋወላላችሁ። ምን በላ፣ ተኛ ወይ፣ ከማሳ ስንት ሰዓት ገባ እያልሽ በእሷ ታስጠብቂኛለሽ። እኔ ሰላይ የምፈልገው በጥቁር መስታወት መኪና ውስጥ ነው፤ ሰላዩ ግን ምስር ወጥ ይዞ በደጄ ይገባል። አባቴ አይፈቅድም ያልሽው አባቴ ብቻውን ነው ማለት አፍረሽ እንደሆነ ያን ቀን ነው የተረዳሁት።

ሸህ ዒምራን ዘንድ ሄድኩ። ኢስቲኻራ ልሰግድላት ነው፣ ይህን ፕሮግራም ትግባ አትግባ አላህ እንዲመርጥላት አልኳቸው። ሸሁ ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ። ከዚያ፣ "ኢስቲኻራ የባለጉዳዩ ነው፣ የልጅህን ለልጅህ ተውላት፤ አንተ የራስህ ጉዳይ የለህም ወይ?" አሉኝ። የለኝም ልል ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ መስጊዱ ጭር ሲል ሁለት ረከዓ ሰገድኩ፤ የያዝኩት ግን የእኔን ጉዳይ ነው። ምን እንደሆነ አሁን አልጽፍልሽም።

ከዚያ በኋላ ጎርፉ መጣ። ከተራራው ሲያጓራ ሰምተን ሁላችንም አካፋ ይዘን ወጣን። የእኔ ማሳ ከላይ፣ የሀስና ከታች መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የላይኛው ጠጥቶ ለታችኛው ይለቃል፣ አባቶቻችን ወደ ማሳ የተጠለፈውን ጎርፍ የተካፈሉበት ሕግ ይህ ነው። እኔ ውኃውን በሚገድበው ክትር ላይ ቆሜ ሐሳቤ ካንቺ ጋር ሄዷል። ውኃው ማሳውን ሞልቶ ማሽላው መሐል መሽከርከር ጀምሯል፤ እኔ አልለቀቅሁም። ሀስና ከታች ሆና፣ አንተ የላይኛው፣ ውኃ ታጠጣለህ ወይስ ታስራለህ እያለች ትጣራለች። ስባንን ክትሩ በጎን ተበጥሶ የማሽላዬን ጠርዝ ይዞ ሄደ።

ቀሚሷን ሸብ አድርጋ አካፋዋን ይዛ መጣች። ድንጋይና እሾህ እየጎተትን ክትሩን አብረን ጠገንን። አልተቆጣችም። ሲያልቅ ጭቃውን ከእጇ እየጠረገች፣ "ውኃ የሚያስር ሰው ታችኛውን የጎዳ ይመስለዋል፤ መጀመሪያ የሚፈርሰው ግን የራሱ ክትር ነው" አለችኝና ወደ ማሳዋ ወረደች። ስለ ውኃ ብቻ እንደተናገረች ወላሂ እጠራጠራለሁ። ካንቺ ጋር ተደዋውላችሁ የነበረበት ቀን እንዳይሆን!

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ሔራን ቦታሽ እስከ እንቁጣጣሽ እንደሚጠበቅ ነግራኛለች። እኔ አልከለከልኩም። ይህን ለፕሮፌሰሩ ራስሽ ንገሪው፤ ያኔ ያልኩት ወግ እንጂ እምቢታ እንዳልነበረ፣ ወገቡንም አላህ እንዲያሽረው። መልሱ ያንቺ ነው። ሐኪም ሆነሽ ቶሎ መምጣት ከፈለግሽ ነይ፣ በሩ ያው በርሽ ነው፤ የሆስፒታሉ በር ላይም እንዳላየሁሽ ሆኜ አልፋለሁ። ያን አንድ መስመር መከተል ከፈለግሽ ደግሞ ተከተዪው። ብቻ በእኔ ስም እምቢ አትበይ። ሁለት ረከዓ ሰግደሽ ራስሽ ጠይቂ፤ ጉዳዩ ያንቺ ነው።

ይህን ስል ግን መጠርጠሬን የተውኩ እንዳይመስልሽ። ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂያቸው። ያ በወረቀት የደረቀ የራያ ሰው ደም የት ነው የሚቀመጠው? ያገኙትን ነገር ለዋጃ ሰው ተመልሰው ይነግሩታል ወይስ ለራሳቸው ያስቀምጡታል? መሐል ላይ ገንዘቡ ቢያልቅ ሕክምናሽን ያስጨርሱሻል? ውጭ ከሄድሽስ የሚመልስሽ ማነው? በተለይ ወደ ዳር የሚሸሽ መልስ ከሰማሽ ጠርጥሪ። እንደ ሔራን ፊት ለፊት አላውቅም ያለሽን ግን እመኚው። ከአባትሽ የምትወርሺው ሌላ ሀብት ስለሌለ ይህን ጥርጣሬዬን ውረሺ፤ ለምርምርም ሳይጠቅም አይቀርም።

ጁምዓ ለት የእናትሽ መቃብር ሄጄ ያሲን የሚባለውን ሱራ ቀርቼላታለሁ። ያንቺን ነገር ነገርኳት። የራሴንም ነገርኳት። የኔን ስነግራት ብዙ ቆየሁ፤ ስነሳ ግን ጉልበቴ አልከበደኝም።

ሌላው ወሬ፣ በመጪው ሐሙስ ሸህ ዒምራን ሁለት ሰዎች አስከትለው ሙሀመድሰይድ ቤት ይሄዳሉ። ሲገቡ ቁጭ በሉ ይላቸው ይሆናል፤ እነሱ ግን ቆመው ይቆያሉ። የሦስቱንም ወገብ አስቀድሜ ጠይቄያለሁ፣ አንዳቸውንም አያማቸውም። ጾመኛም የለባቸውም። ሙሀመድሰይድ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይል አውቃለሁ፣ ቀልዱንም ሳይቆጥብ ያወርድብኛል፤ ሁለት ጊዜ የሚሰፋ ልብስ ይለኝ ይሆናል። ይበለኝ። ነገሩን አንቺ ከዚያ ሆነሽ እንዳቀነባበርሽው እጠረጥራለሁ፤ ማስረጃ ግን የለኝም። እኔ ሳልነግርሽ ብትሰሚው ቅር ይልሻል ብዬ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት። ቅር ካለሽ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ሐሙስ ገና አልደረሰም። ድምፄንም መርምሪው፣ አሁን አልፈራውም።

ደብዳቤውን ወደ እናንተ የምትመለሰው ሔራን ታደርስልሻለች። ጥጃዋን ስም አውጪላት።

አላህ መንገድሽን ያቅናው፣ እጅሽን ፈውስ ያድርገው፣ የምትፈልጊውን እውነት ያሳይሽ። ካገኘሽውም በኋላ ትዕቢት አያሳይሽ። የእናትሽን ማረፊያ ያብራላት። አሚን።

ያልከለከለሽ
አባትሽ